ኩሽ፣ ኢትዮጵያ፣ ሐበሻ፦ የመጣንበት አገር ስሞች ከየት መጡ?



በብዙ ቤት የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። አያት ከአገር ቤት ይዘውት የመጡትን የአማርኛ መጽሐፍ ከፍተው መጽሐፈ አስቴርን ሲያነቡ፣ የፋርሱ ንጉሥ ግዛት እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ እንደነበረ ያገኛሉ። የልጅ ልጃቸው ግን ለፑሪም በዓል ያንኑ ምዕራፍ በትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ሲማር፣ ግዛቱ እስከ ኩሽ እንደነበረ ነው የሚነገረው። አያት «አገራችን በመጽሐፍ ተጠቅሳለች» ብለው ደስ ሲላቸው፣ ልጁ «እኛ በተማርነው መጽሐፍ ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለም» ይላቸዋል። ሁለቱም ያነበቡትን በትክክል ተናግረዋል፤ ሆኖም አይግባቡም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ በክፍል ውስጥ «ኩሽ» የሚለውን ቃል ከተማረ በኋላ፣ በዕረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ «ኩሺ» ተብሎ ሊሰደብበት ይችላል። ወደ ቤት መጥቶ ሲጠይቀን ምን እንመልስለታለን? አንዳንዶቻችን «ተወው ልጄ፣ በኦሪት የተጻፈ ስም ነው፣ አይክፋህ» እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ስሙ ራሱ ስድብ ነው፣ ሁለተኛ በቤቴ እንዳልሰማው» ብለን እንቆጣለን። ሁለቱም መልሶች ከእውነት አንድ ወገን አላቸው፤ ልጁን ግን አያጠግቡትም። ሙሉ መልስ ለመስጠት የስሞቹን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኩሽ፣ ኢትዮጵያና ሐበሻ የሚባሉት ሦስት ስሞች ከየት እንደመጡ፣ መጀመሪያ ማንን ይጠሩ እንደነበረና ትርጉማቸው እንዴት እንደተለዋወጠ ከዚህ በታች እንገልጻለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኩሽ የማን አገር ነበር?

ከሦስቱ ስሞች በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው ኩሽ ነው። የጥንት ግብፃውያን ከዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ከእነርሱ በስተደቡብ ያለውን የአባይ ሸለቆ አገር በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ይህም አገር ዛሬ በአብዛኛው በሰሜን ሱዳን የሚገኘው ነው። የኩሽ ነገሥታት በመጀመሪያ ናፓታ በምትባል ከተማ፣ በኋላም ከዛሬዋ ካርቱም በስተሰሜን በምትገኘው በሜሮዌ ተቀምጠው ገዝተዋል። መቃብሮቻቸውን በፒራሚድ ይሠሩ ስለነበር፣ ዛሬም በሱዳን ምድር ከ200 በላይ ፒራሚዶች ይገኛሉ። ከዛሬ 2,700 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ እነዚህ ነገሥታት ወደ ሰሜን ዘምተው ግብፅን ራሷን ይዘው አስተዳድረዋል።

ከእነዚህ ነገሥታት አንዱ በመጽሐፍ ቅዱስ በስሙ ተጠቅሷል፤ ይኸውም ቲርሐቅ ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ኢየሩሳሌምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ቲርሐቅ ሊወጋው እንደተነሣ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 እና በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 37 ተጽፏል። እንግዲህ ኩሽ ለጥንት እስራኤላውያን የሩቅ ተረት አልነበረም፤ ሠራዊትና ንጉሥ ያለው፣ ከታላላቆቹ መንግሥታት ጋር የሚሰለፍ አገር ነበር።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ሕዝቦችን በትውልድ ሲቆጥር ኩሽን ከካም ልጆች የመጀመሪያው አድርጎ ያነሣዋል፤ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ወንድሞቹ ናቸው። በዚህ አቆጣጠር ኩሽ የአባት ስም ነው፤ ከአባቱም ስም አገሩ ተጠራ። ቃሉ በዕብራይስጥ «ጥቁር» ማለት አይደለም። እርግጥ ነው፣ ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 የኩሽን ሰው መልክ ለምሳሌ ይጠቅሳል፤ ስለዚህ እስራኤላውያን የኩሽ ሰዎችን መልክ ያውቁት ነበር። ነገር ግን ስሙ የተሰጠው በመልክ ምክንያት አይደለም።

በመጽሐፍ ውስጥ የምናገኛቸው የኩሽ ሰዎችም እንደ ማንኛውም ሕዝብ ልዩ ልዩ ናቸው። ሙሴ የኩሽ ሴት ማግባቱ በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 12 ተጽፏል፤ ማርያም ስለዚህች ሴት ሙሴን በነቀፈች ጊዜ የተቀጣችው ነቃፊዋ ማርያም እንጂ የኩሽዋ ሴት አልነበረችም። ዳዊት የልጁን የአቤሴሎምን መሞት የሰማው ከአንድ የኩሽ ተወላጅ መልእክተኛ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በጉድጓድ ተጥሎ ሊሞት ሲል፣ ከንጉሡ ቤት ሰዎች መካከል ሄዶ የተከራከረለትና በገመድ አስጎትቶ ያወጣው ኩሻዊው አቤሜሌክ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በንጉሥ አሳ ዘመን ይሁዳን ሊወጋ የመጣው ዝሪ የተባለው የጦር አዛዥም ኩሻዊ ነበር። ወዳጅም ጠላትም ከኩሽ ወጥቷል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለልጆቻችን ልናሳያቸው የሚገባው የትንቢተ ሶፎንያስ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። እዚያ የነቢዩ አባት ስም «ኩሺ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ የይሁዳ ቤተሰብ ልጁን በዚህ ስም ይጠራው ነበር፤ ከእርሱም ነቢይ ተወለደ። ስድብ የሆነ ቃል ለልጅ ስም ተብሎ አይወጣም።

ኋላ የተነሡት ሊቃውንትም ቃሉን በክብር ነው የያዙት። ታላቁ ተርጓሚ ራሺ ስለ ሙሴ ሚስት በጻፈው ማብራሪያ፣ በዕብራይስጥ «ኩሺት» የሚለው ቃል ፊደላት በቁጥር ሲደመሩ «መልከ መልካም» ከሚለው ቃል ጋር እኩል እንደሚሆኑ አስልቶ፣ ቃሉ የውበቷ ምስክር ነው ብሏል። በታልሙድ መጊላ ደግሞ ራቭና ሽሙኤል የተባሉት ሊቃውንት ኩሽ የት እንደሆነ ተከራክረዋል። አንደኛው ሆዱ በዓለም ዳር፣ ኩሽም በሌላው ዳር ነው ሲል፣ ሌላው ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው ብሏል። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አያትና የልጅ ልጅ ስለዚሁ ቁጥር ቢከራከሩ ከእነርሱ በፊት ታላላቆችም ተከራክረውበታል ለማለት ነው።

ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግሪክ መምጣቱ

እንግዲህ ዕብራይስጡ «ኩሽ» የሚል ከሆነ፣ በአያቶቻችን መጽሐፍ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚለው ከየት ገባ? መልሱ በግሪኮች ቋንቋ ይገኛል።

ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖረውን ሕዝብ «አይቲዮፕስ» ይሉት ነበር። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው፤ አንደኛው «ማቃጠል»፣ ሁለተኛው «ፊት» ማለት ነው። ትርጉሙም «ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው» እንደማለት ይሆናል። ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር እነዚህን ሰዎች በምድር ዳርቻ የሚኖሩ፣ የግሪኮች አማልክት ለግብዣ የሚሄዱባቸው ደጋግ ሕዝቦች አድርጎ ይተርካል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ደግሞ ከዛሬ 2,400 ዓመት በላይ በፊት ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ ዋና ከተማዋ ሜሮዌ ናት ይላል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ በተለይ የሚያስቡት ግብፃውያንና ዕብራውያን ኩሽ የሚሉትን አገር፣ ማለትም የዛሬውን ሱዳን ነበር። ጎንደርን፣ ሰሜንን ወይም ወልቃይትን ማለታቸው አልነበረም።

ከዚያም ከዛሬ 2,200 ዓመት በላይ በፊት በእስክንድርያ የነበሩ አይሁዳውያን ሊቃውንት ኦሪትን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ መተርጎም ጀመሩ። ይህ በኛ ዘንድ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው ነው። ተርጓሚዎቹ ኩሽ የሰው ስም በሆነበት ቦታ ሁሉ ሳይለውጡ ተዉት፤ የአገርና የሕዝብ ስም በሆነበት ቦታ ግን አንባቢዎቻቸው በሚያውቁት ቃል «ኢትዮጵያ» አሉት። የግዕዙም ኦሪት ከግሪኩ ስለተተረጎመ ይህንኑ ተከተለ፤ ከዚያም ወደ አማርኛው ተላለፈ። ስለዚህ ነው በአማርኛው መጽሐፍ በዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የካም ልጅ «ኩሽ» ሆኖ ሳለ፣ በምዕራፍ 2 የግዮን ወንዝ የሚከብበው ምድር «ኢትዮጵያ» ተብሎ የሚገኘው። በዕብራይስጡ ሁለቱም አንድ ቃል ናቸው። የአያትና የልጅ ልጅ አለመግባባት መነሻው ይኸው ነው፤ ለውጡንም ያደረጉት በእስክንድርያ የነበሩ አይሁዳውያን ናቸው።

ስሙ ወደ አክሱም ሲሻገር

ስሙ ከአባይ ሸለቆ ወደ ደጋው መምጣቱን የሚያሳይ የድንጋይ ምስክር አለ። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በግዕዝ ቋንቋ፣ በሳባውያን ፊደልና በግሪክ ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በአክሱም ይገኛል። ንጉሡ የሚገዛቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር፣ በግዕዙ «ሐበሠት» የተባለውን ሕዝብ በግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ብሎታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ካሱ» የተባሉት፣ ማለትም የኩሽ ሰዎች፣ ለብቻቸው ተቆጥረዋል። በአንድ ድንጋይ ላይ ኩሽና ኢትዮጵያ ሁለት ልዩ ልዩ ሕዝቦች ሆነው ይታያሉ። በሌላ ጽሑፉም ኢዛና ተከዜን ተሻግሮ እስከ ካሱ አገር መዝመቱን ይናገራል። የሜሮዌ መንግሥት በዚያው መቶ ዘመን ጠፋ፤ ስሙ ግን በደጋው መንግሥት ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የክርስቲያን ነገሥታት ይህን ስም አጥብቀው ያዙት። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ኢትዮጵያ የሚልበት ሁሉ ስለ እነርሱ አገር የተነገረ ሆኖ ተነበበ። በዕብራይስጡ መዝሙር 68፣ በግዕዙ ዳዊት 67 ላይ ኩሽ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረው ቃል የመንግሥቱ መመኪያ ሆነ። በ14ኛው መቶ ዘመን በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥትም የኢትዮጵያን ነገሥታት ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ትውልድ አድርጎ ስሙን ከዙፋኑ ጋር አጣበቀው። በአክሱም በኩል ደግሞ ስሙ የመጣው ከኩሽ ልጅ ከኢትዮጲስ ነው የሚል ትውፊት አለ። ይህ ስም ግን በኦሪት የኩሽ ልጆች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እዚያ የተቆጠሩት ሳባ፣ ኤውላጥ፣ ሰብታ፣ ራዕማ፣ ሰበቃታና ናምሩድ ናቸው።

ሐበሻ

«ሐበሻ» የሚለው ስም ከላይ እንዳየነው ከኢዛናም ዘመን በፊት በደቡብ ዐረብ የድንጋይ ጽሑፎች ይገኛል፤ የሕዝብ ስም ነበር። ዐረቦች አገሩን «አል ሐበሻ» አሉት፤ አውሮፓውያን ከእነርሱ ወስደው «አቢሲኒያ» አደረጉት። ብዙ ሰው ሐበሻ ማለት በዐረብኛ «ድብልቅ» ማለት ነው ሲል ይሰማል። ሆኖም ስሙ በድንጋይ ላይ የተገኘው የዐረብኛ መጻሕፍት ከመጻፋቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ ስለሆነ፣ ይህ ትርጉም ኋላ የተሰጠ ይመስላል።

ይህ ስም ለእኛ ልዩ ቁም ነገር አለው። በ10ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ረቢ ሰዓዲያ ጋዖን ኦሪትን ወደ ዐረብኛ ሲተረጉሙ ኩሽን «አል ሐበሻ» ብለውታል። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የነበሩት ታላቁ ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ማለትም ራድባዝ፣ ተማርካ ወደ ግብፅ ስለመጣች አንዲት ሴት በተጠየቁ ጊዜ አገሯን ኩሽም አል ሐበሽም እያሉ ጽፈዋል። በዚያም አገር ያሉት እስራኤላውያን ከዳን ነገድ መሆናቸውን መስክረዋል። የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁዳውያን ናቸው ብለው ሲወስኑ ከተደገፉባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የራድባዝ ጽሑፍ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲመለከተን ሲያደርግ፣ ከመሠረቱ ሥር ኩሽና ሐበሽ የሚሉት ስሞች ነበሩ ማለት ይቻላል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ኩሽ የሚለው ቃል የእኛ የአይሁድነት ማስረጃ እንጂ መናቂያችን አልነበረም።

በኢየሩሳሌም ከተማም የስሙ ለውጥ በመንገድ ላይ ይታያል። ደብረ ገነት የተባለው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንገድ ቀድሞ «ሬሖቭ ሐሐበሺም» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሬሖቭ ኤትዮፕያ» ይባላል። የዘመናዊው ዕብራይስጥ አባት ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በዚሁ መንገድ ኖሯል።

የአገሩ ስምና የእኛ ስም

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ አገሩ ስም ነው። ቤተ እስራኤል ግን በዚያ ስም ውስጥ ምን ስፍራ ነበራቸው? ኢትዮጵያ የክርስቲያን መንግሥት ስም በነበረበት ዘመን፣ በኦሪት ጸንቶ የቀረው ወገናችን ከርስት ተነቅሏል። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መታወጁ ይነገራል። ከብዙ ጦርነት በኋላም በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሰሜን ቤተ እስራኤል ኃይል ተሰበረ። «ፈላሻ» የሚለው መጠሪያ «ፈለሰ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ይያያዛል፤ ርስት የሌለው፣ ስደተኛ፣ መጻተኛ እንደማለት ነው። አባቶቻችን በሸክላና በቀጥቃጭነት ሥራ፣ በሽመናና በእርሻ በሰው መሬት ላይ እየኖሩ፣ ራሳቸውን የሚጠሩት ግን «ቤተ እስራኤል» ብለው ነበር።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ነገሩ ተገለበጠ። እዚያ «እስራኤል ነን» ስንል «ፈላሻ» ያሉን ነበሩ፤ እዚህ «እስራኤል ነን» ስንል «ኢትዮጵያውያን» ተባልን። እዚያ ያልተሰጠን የአገር ስም እዚህ ስንደርስ ዋና መጠሪያችን ሆነ። ብዙ ሽማግሌዎቻችን በዚህ ይገረማሉ፣ አንዳንዶችም ያዝናሉ። ወጣቶቹ ግን ስሙን በፍቅር ይዘውታል፤ ምግቡን፣ ዘፈኑን፣ ቋንቋውን የሚያስታውሳቸው እርሱ ነውና። ሁለቱም ስሜት ከእውነተኛ ኑሮ የመጣ ስለሆነ አንዱን በሌላው መንቀፍ አይገባም።

ስሙ ለአገሪቱ ለራሷም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ትርጉም አልነበረውም። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ አቢሲኒያ እያሉ ሲጽፉ፣ ነገሥታቱ ግን ራሳቸውን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበር። ኢጣልያ በ1936 አገሪቱን በያዘች ጊዜ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕረግ ለንጉሥዋ ሰጠች፤ ምድሩን ግን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅላ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» አለችው። ስሙ ለዘውዱ ተወስዶ ከካርታው ተፋቀ። በ1941 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ተመለሰ። በ1993 ደግሞ ኤርትራ ስትለይ ስሙ የሚሸፍነው ምድር እንደገና ተለወጠ።

በኩሽ ወንዞች ማዶ

አሁን ወደ ቅርብ ዘመን እንምጣ። ነቢዩ ሶፎንያስ በምዕራፍ 3 ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስለሚመጡ የተበተኑ ወገኖች ይናገራል፤ ኢሳይያስም በምዕራፍ 11 የሕዝቡ ቅሬታ ከሚሰበሰብባቸው አገሮች መካከል ኩሽን ይቆጥራል። ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን እነዚህን ቃላት ስለ እኛ የተነገሩ አድርገው ሲያነቧቸው ኖረዋል።

የስሙን ታሪክ ከተመለከትን በኋላ ቃሉ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ኩሽ የዛሬው ሱዳን ከሆነ፣ ወንዞቹ ከእኛ ደጋ የሚወርዱት ናቸው። ተከዜ ወደ ድንበሩ ሲቀርብ ሰቲት፣ በሱዳን አትባራ እየተባለ ሄዶ ከአባይ ጋር ይገናኛል፤ የሜሮዌ ከተማም የነበረችው በእነዚህ ሁለት ወንዞች መካከል ባለው ምድር ነው። ከዚያ ለሚመለከት ሰው ሰሜን፣ ወልቃይትና ጎንደር በትክክል ከወንዞቹ ማዶ ናቸው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ወገኖቻችን ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ተነሥተው፣ ሌሊት ሌሊት በእግር እየተጓዙ፣ እነዚህን ወንዞች ተሻግረው ወደ ሱዳን ወረዱ። በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ብዙ ወራት ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያው ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጡ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲገቡ፣ መንገዱ ሌላ ሆነ። በሱዳን በኩል የመጡት ግን በእውነተኛው በጥንቱ ኩሽ ምድር አልፈዋል፤ ሙታኖቻችንም በዚያ ምድር ተቀብረዋል። ስለዚህ ኩሽ የሚለው ስም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የመቃብር ስፍራ ስም ጭምር ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቃሉን ለቀልድ አያነሣውም።

«ሱዳን» የሚለውም ስም በዐረብኛ «የጥቁሮች አገር» ከሚለው የተወሰደ ነው። ግሪኮች «ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው» ያሉትን ሕዝብ አገር ዐረቦች «የጥቁሮች አገር» አሉት። ሁለቱም ስሞች ከውጭ የተሰጡ ናቸው፤ ሁለቱም በዚያ አገር ሕዝብ ተወስደው በ1956 ነፃ የወጣችው የሱዳን፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ መንግሥታት መጠሪያ ሆነዋል። በመልክ ምክንያት የተሰጠ ስም የክብር ስም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የቋንቋ ሊቃውንትም ኩሽ የሚለውን ስም ለሌላ ነገር ወስደውታል። አገውኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና ሶማልኛ ያሉበትን የቋንቋ ቤተሰብ «ኩሻዊ» ይሉታል። ቄሶቻችን በጸሎት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠብቋቸው የቋርኛ ቃላት ከአገው ቋንቋ ናቸውና ከዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። በዚህ ሲታይ አያቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ፊታቸውን አዙረው የጸለዩባቸው አንዳንድ ቃላት ኩሻዊ ናቸው።

ለልጆቻችን ምን እንንገር?

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። የስም ትርጉም የሚገኘው በመነሻው ብቻ አይደለም፤ ማን፣ ለማን፣ በምን አሳብ እንደሚናገረው ጭምር ነው። የነቢዩ ሶፎንያስ አባት «ኩሺ» ሲባል ስሙ ነበር። ራድባዝ «የኩሽ ምድር» ብለው ሲጽፉ የአገር ስም መጻፋቸው ነበር። በዘመናዊው ዕብራይስጥም ቃሉ ለብዙ ጊዜ ጥቁር ሰውን ለማመልከት ያለ ክፋት ይነገር ነበር፤ እያደር ግን መናቂያ ሆነ። ዛሬ በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ልጅ ሌላውን «ኩሺ» ብሎ ሲጠራው መጽሐፈ አስቴርን እያነበበ አይደለም። «አንተ ከእኛ አይደለህም» ማለቱ ነው።

ስለዚህ «በኦሪት የተጻፈ ስም ስለሆነ አይክፋህ» የሚለው መልስ ልጁን ብቻውን ይተወዋል፤ የደረሰበትን ስድብ እንዳልደረሰ ያደርግበታልና። «ስሙ ራሱ ስድብ ነው» የሚለው ደግሞ ከመጽሐፉ ውስጥ የራሱን ድርሻ ያስጥለዋል፤ በክፍል ውስጥ ኩሽ የሚለው ቃል በተነበበ ቁጥር እንዲያፍር ያደርገዋል። እኛ የምንመክረው ሁለቱንም አንድ ላይ መንገር ነው፦ «ቃሉ በመጽሐፍ የአገርና የሰው ስም ነው፣ አትፈርበት። የሰደበህ ልጅ ግን አጥፍቷል፣ ዝም አትበል፤ ለእኛም ለመምህርህም ንገር።» ወላጅም በበኩሉ ዕብራይስጡ ባይሞላለት እንኳ የሚተረጉምለት ሰው ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ መምህሩን ያነጋግር። ልጁ ወላጁ ስለ እርሱ ሲናገር ማየቱ ብዙ ይጠቅመዋል።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይቻላል። በሰንበት ቀን አያት የአማርኛውን፣ ልጅ የዕብራይስጡን መጽሐፍ ይዘው የሚከተሉትን ስፍራዎች ጎን ለጎን ያንብቡ፦ ዘፍጥረት 2 እና 10፣ ዘኁልቍ 12፣ ኤርምያስ 38፣ አሞጽ 9፣ ሶፎንያስ 1 እና 3፣ አስቴር 1። በመዝሙር ግን ቁጥሩ በግዕዙ በአንድ ወደኋላ ስለሚል እንዳይምታታባችሁ። አንዱ ኢትዮጵያ ሲል ሌላው ኩሽ ይላል፤ እያንዳንዱ ለሌላው ያልታየውን ያሳየዋል። አያት ስለ ሱዳን መንገድ የሚናገሩት ካላቸው ሶፎንያስ 3 ላይ ሲደርሱ ቢያጫውቷቸው መልካም ነው። ያን መንገድ በእግራቸው የሄዱበት ሽማግሌዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነውና፣ ልጆቹ ከእነርሱ አንደበት ሊሰሙ የሚችሉበት ጊዜ አሁን ነው።